300 ወይስ 250? ለጀማሪ ካሜራ ርካሽ የቴሌ ሌንስ የመረጥኩበት መንገድ

ከጀማሪ ካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ለቤተሰብ ፎቶ፣ ለምርቃትና ለሰፈር ትዕይንት በቂ ነው፤ አቅሙ የሚያልቀው የሚነሳው ነገር ራቅ ሲል ነው፤ ሚሊሜትሩ በበዛ ቁጥር ሌንሱ ሩቁን ያቀርባልና። እኔ የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን ካሜራ የገዛሁትም በዋናነት የሐይቁን ወፎች ለማንሳት ስለ ነበር፣ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። ሐይቁ ዳር ካለ ዛፍ አናት ላይ የተቀመጠ ዓሣ አዳኝ ንስር በ55 ሚሊሜትር ሲነሳ ፎቶው ላይ የሚታየው ሰማይና ቅጠል ነው፤ ንስሩን የሚያገኘው የት እንደ ነበረ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሩቁን የሚያቀርብ ሁለተኛ ሌንስ፣ ቴሌ የሚባለውን፣ መግዛት ግድ ሆነብኝ፤ በጀቴ ግን ለካሜራው ካወጣሁት ገንዘብ ግማሹን እንኳ የማይሞላ ነበር። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ያለ ካሜራና እንደ እኔ ያለ በጀት ላላቸው ሰዎች ነው። ዋጋ በብር አልጠቅስም፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር በሚቀጥለው ወር ማንንም ላይጠቅም ይችላልና።

ካሜራዬ ካኖን 2000ዲ ነው። ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ የቀረበ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ሪቤል ቲ7፣ በእስያ ገበያ ደግሞ 1500ዲ ተብሎ ይሸጣል፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ዕቃው አንድ ነው። ስሞቹን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ያለ ዘመድ ይህን ካሜራ ገዝቶ ሲልክ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሁለት ሌንስ ያለውን ጥቅል ነው፤ በጥቅሉ ውስጥም ከ18-55 ጋር 75-300 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ይገኛል። በዚህ የተነሳ 75-300 እኛም ዘንድ በብዙ ሰው እጅ ገብቷል፤ ያገለገለውን ማግኘት ቀላል ነው፣ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው። እኔም ሌንስ ስጠይቅ በየሄድኩበት ቀድሞ የሚቀርብልኝ እሱ ነበር። አንድ ሻጭ፣ ዓይኔ ወደ ሌላው የካኖን ሌንስ፣ ወደ 55-250፣ እየሄደ መሆኑን ሲያይ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ 300 ነው። ያኛው 250 ብቻ ነው፣ ዋጋውም ይበልጣል። ጨምረህ ከፍለህ ያነሰ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። በቅንነት እንደ ተናገረ አልጠራጠርም፤ ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ለሚያይ ሰው ክርክሩ ትክክል ይመስላል። እኔም መልሱን ሳላገኝ ገንዘቤን ላለማውጣት ወሰንኩና አንድ የሥራ ባልደረባዬን 75-300 ተውሼ፣ ሌላ ወዳጄ ደግሞ 55-250 ስላለው ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ እያፈራረቅሁ ሞከርኳቸው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ እንመልከት። የ2000ዲ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ወርዱ 22.3 ሚሊሜትር ያህል ነው። በዚህ ሴንሰር ላይ በ55 ሚሊሜትር ስናነሳ፣ አሥር ሜትር ርቀት ላይ ፎቶው የሚይዘው ወርድ አራት ሜትር ገደማ ነው። በ250 ሚሊሜትር ይህ ወርድ ወደ 89 ሳንቲሜትር ይጠባል፤ በ300 ደግሞ 74 ሳንቲሜትር ይሆናል። ርዝመቷ 15 ሳንቲሜትር የሆነች ወፍ በ250 የፎቶውን ወርድ አንድ ስድስተኛ ትይዛለች፣ በ300 አንድ አምስተኛ። እንግዲህ ትልቁ ዝላይ ከ55 ወደ 250 ያለው ነው፤ ከ250 ወደ 300 ያለው ዕርምጃ፣ ወደ ወፏ ሁለት ሜትር ያህል ቀረብ በማለት የሚካካስ ነው። ቀረብ ማለት ካልተቻለ ደግሞ ፎቶውን መቁረጥ ይቻላል። ካሜራው 24 ሜጋፒክሰል ስለሆነ፣ በ250 የተነሳ ፎቶ የ300ን ያህል እንዲሆን ጠርዝ ጠርዙ ቢቆረጥ የሚቀረው ከ16 ሜጋፒክሰል በላይ ነው፤ ይህም በኤ4 ወረቀት ለማተም ከሚያስፈልገው በእጅጉ ይበልጣል። ሻጩ የነገረኝ የ50 ሚሊሜትር ብልጫ እውነት ቢሆንም፣ ዋጋው በሌላ በኩል መከፈሉ አይቀርም።

የሚከፈለውም በእጅ መንቀጥቀጥ ነው። 55-250 በስሙ ውስጥ «አይኤስ» የሚሉ ፊደላት አሉት፤ እነዚህ ፊደላት ሌንሱ በውስጡ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ መሣሪያ እንዳለው ያመለክታሉ። በጥቅሉ የሚመጣው 75-300 ይህ መሣሪያ የለውም፤ ዋጋው የረከሰበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ሌንስ በረዘመ ቁጥር ትንሿ የእጅ እንቅስቃሴ በፎቶው ላይ ትጎላለች። ባለሙያዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት የቆየ ልምድ አለ፤ የሌንሱ ሚሊሜትር በሴንሰሩ ማባዣ (እንደ ሴንሰሩ ትንሽነት በሚወሰን ቁጥር) ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር፣ በእጅ ተይዞ ለሚነሳ ፎቶ ዝቅተኛው የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የሰከንድ ክፍልፋይ፣ ነው ይላል። በካኖን ጀማሪ ካሜራዎች ማባዣው 1.6 ስለሆነ 300 ሚሊሜትር ወደ 480 ይመጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ያስፈልጋል ማለት ነው። በጠራራ ፀሐይ ይህ ችግር አይደለም። ችግሩ ብርሃን ሲቀንስ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል የሄደ ሰው በትልልቆቹ ዛፎች ላይ የሚኖሩትን ጉሬዛዎች ያውቃቸዋል። ጉሬዛ ጠቆር ያለ እንስሳ ነው፤ የሚቀመጠውም ጥላ ውስጥ ነው። ወደ አመሻሹ ላይ በ75-300፣ በኤፍ/5.6 (ይህ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ሳነሳቸው፣ 1/500 ለማግኘት ካሜራው አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) እስከ 6400 ማድረስ ነበረበት፤ 2000ዲ በመደበኛነት የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነው፤ በዚያ ደረጃም ጥቁሩ ጠጉር ወደ ቡናማ ነጠብጣብ ይለወጣል። አይኤስ ባለው 55-250 ግን እዚያው ቦታ ላይ በ1/60 ማንሳት ቻልኩ፤ ይህም አይኤስኦውን ወደ 800 አወረደው። በዚህ ፎቶ የፊቱ ጥቁረት ጥቁር ሆኖ፣ በዙሪያው ያለው ነጭ ጠጉርም ዘለላ ዘለላው ተለይቶ ይታያል። ከአንድ እንስሳ፣ ከአንድ ቦታ፣ በደቂቃዎች ልዩነት የተነሱትን ሁለቱን ፎቶዎች በኮምፒውተር ጎን ለጎን ስመለከታቸው የ50 ሚሊሜትሩን ጉዳይ ከዚያ በኋላ አላነሳሁትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። አይኤስ የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ እንጂ የሚነሳውን ነገር አይደለም። ጉሬዛው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ቅጠል ሲያኝክ 1/60 ይበቃል፤ ሲዘል ግን አይበቃም። ለሚበር ወፍ እኔ ከ1/1000 በታች አልወርድም፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ አይኤስ ያለውና የሌለው ሌንስ ልዩነታቸው ይጠባል። የሚያነሱት ነገር ሁልጊዜ በቀን ብርሃን የሚሮጥ ወይም የሚበር ከሆነ፣ ለምሳሌ የቀበሌ እግር ኳስ ብቻ ከሆነ፣ 75-300 ከሚመስለው በላይ ያገለግላል። ሌንሱ በእጅዎ ካለ ወይም ዘመድ ከላከልዎ አይጣሉት። ንድፉ እ.ኤ.አ. የ1999 ሲሆን በ300 ላይ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲያነሳ ጥርት የማለት አቅሙ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወደ 200 መለስ አድርገው፣ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ/8 አጥብበው፣ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ቢያነሱበት ውጤቱ በደንብ ይሻሻላል። ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር የካሜራ መደገፊያ) ይግዙለት የሚል ሰው ሰምቻለሁ፤ እኔም እስማማለሁ።

በወሰንኩበት ሌንስ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 55-250 የሚባለው አንድ ሌንስ አይደለምና። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሁለተኛው በ2011፣ ሦስተኛው በ2013 ወጡ። ሦስቱም አይኤስ አላቸው። የመጨረሻው በስሙ ላይ «ኤስቲኤም» የሚል ጽሑፍ ስላለው ይለያል፤ ይህም የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ነው። የኤስቲኤሙ ሞተር ፈጣንና ድምፅ አልባ ለማለት የሚቀርብ ሲሆን፣ ፎከስ ሲያደርግ የሌንሱ አፍ አይሽከረከርም። የቀደሙት ሁለቱ ግን ይሽከረከራሉ፤ ስለዚህ የውኃ ላይ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ፖላራይዘር ፊልተር የሚጠቀም ሰው በየፎከሱ ፊልተሩን መልሶ ማስተካከል ይኖርበታል። ሐይቅ ዳር ለሚውል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌላው ልዩነት የቅርበት ወሰን ነው። ኤስቲኤሙ እስከ 85 ሳንቲሜትር ድረስ ቀርቦ ፎከስ ያደርጋል፤ ቀዳሚዎቹ 1.1 ሜትር ይፈልጋሉ፤ 75-300 ደግሞ ከአንድ ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት አይሠራም። የዓሣ ገበያው አባ ኮዳዎች (ራሰ በራዎቹ ትልልቅ ወፎች) ከሰው ጋር በጣም ስለ ተላመዱ ለጥቂት የዓሣ አንጀት ሲሉ እግር ሥር ድረስ ይመጣሉ። አንዱ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ራሱን ብቻ ሞልቼ አነሳሁት፤ ቀይ የተላጠ ቆዳው ላይ ያሉት ጥቁር ነቁጦች፣ ማጅራቱ ላይ ተበታትነው የቆሙት ጥቂት ጠጉሮች፣ መንቁሩ ላይ የተጣበቀው የዓሣ ቅርፊት ሳይቀር ይታያል። የቴሌ ሌንስ ለሩቅ ነገር ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ይህን ጥቅሙን አያገኙትም።

ሻጮች በ55-250 ላይ የሚያነሱት አንድ ተቃውሞ ከካሜራው ጋር የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ መሆኑ ነው፤ የ75-300 ቀለበት ብረት ነው። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሌንሱ በጠቅላላው 375 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ቀለበቱ የሚሸከመው ክብደት ብዙ አይደለም፤ ሌላው 480 ግራም ነው። ቀኑን ሙሉ በአንገት አንጠልጥሎ ለሚዞር ሰው የመቶ ግራም ልዩነት ከቀለበቱ ይልቅ ይሰማል።

ማንኛውም በዚህ ዋጋ የሚገኝ የቴሌ ዙም የማይችለው ነገር ቢኖር ጨለማ ነው። ሌንሱ ሲረዝም ቀዳዳው ወደ ኤፍ/5.6 ይጠባል። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከሰዓት በኋላ ባለው ፀሐይ ቀሳውስቱን ከሩቅ፣ ሰው ሳልገፋና መንገድ ሳልዘጋ በደስታ አነሳለሁ፤ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ግን ቴሌውን ወደ ቦርሳ እመልሰዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሻማ ብርሃን ለሚካሄድ ማኅሌት ይህን ሌንስ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ (ፈቃድ መጠየቁ እንዳለ ሆኖ) ገንዘቡን በ50 ሚሊሜትር ኤፍ/1.8 ላይ ቢያውለው ይሻላል፤ ያ ሌንስ ከኤፍ/5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፣ በርካሽነቱም የታወቀ ነው። ሁለቱንም ሥራ በአንድ ላይ የሚሠራው 70-200 ኤፍ/2.8 የሚባለው ሌንስ ነው፤ ዋጋው ግን የጀማሪ ካሜራን ዋጋ ብዙ ጊዜ ያጥፋል።

ብርሃን ከበዛም ሌላ ችግር አለ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሜዳውና ውኃው ሲግል ከላዩ የሚነሳው አየር ይርገበገባል፤ በዚያ አየር ውስጥ መቶ ሜትር አሻግሮ የተነሳ ወፍ በየትኛውም ሌንስ ቢነሳ ጥርት አይልም። አዲስ ሌንስ ገዝተው በቀትር አቢያታ ሐይቅ ሄደው ፍላሚንጎ ያነሱና ሌንሱ ተበላሽቷል ያሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ሌንስ የሚፈተነው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ወፎቹም በደንብ የሚገኙት በዚያ ሰዓት ነው።

ኒኮን ለያዙ ሰዎች ያለኝ ምክር አጭር ቢሆንም ብዙ ገንዘብ ሊያድን ይችላል። ዲ3000 እና ዲ5000 ተብለው በሚጀምሩት የጀማሪ ካሜራዎች ቤተሰብ ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም፤ ስለዚህ በራሱ ሞተር የሌለው የድሮ «ኤኤፍ-ዲ» ሌንስ በእነዚህ ላይ ራሱ ፎከስ አያደርግም። «ኤኤፍ-ፒ ዲኤክስ» የሚባለው 70-300 ቀላል፣ ጸጥተኛና ጥሩ ሌንስ ነው፤ ነገር ግን ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ «ቪአር» አለው፣ ሌላው የለውም። ቪአር ኒኮን ለመንቀጥቀጥ መከላከያው የሰጠው ስም ነው። ሁለቱ ሌንሶች አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ በመልክ ስለሚመሳሰሉ፣ ጎናቸውም ላይ ማብሪያና ማጥፊያ ስለሌለ፣ የሚለየው ጽሑፉን በማንበብ ነው። ከዚህም በላይ ኤኤፍ-ፒ በዲ3100፣ በዲ3200 እና በዲ5100 ላይ ቢገጠም ፎከስ አያደርግም፤ በእጅ እንኳ አይሆንም። በዲ3400 እና በዲ3500 ያለ ችግር ይሠራል፤ በዲ3300 እና በዲ5300 የካሜራውን ሶፍትዌር ማሻሻል ይጠይቃል። ሌንሱን ከመግዛትዎ በፊት በራስዎ ካሜራ ላይ ገጥመው ይዩት።

በዚህ ገበያ ውስጥ ሊርቋቸው የሚገቡ ሁለት ዕቃዎች አሉ። አንደኛው በኪት ሌንሱ (ከካሜራው ጋር በሚመጣው 18-55) አፍ ላይ የሚጠመዘዝና «2.2 እጥፍ ቴሌ» ተብሎ የሚሸጥ መስታወት ነው፤ ነገሩን ያቀርባል፣ ነገር ግን ጠርዙን ሁሉ ያደበዝዛል። ሁለተኛው 420-800 ሚሊሜትር የሚል ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም በርሜል ነው። ይህ ሌንስ ፎከሱ በእጅ ብቻ ነው፣ ቀዳዳው ኤፍ/8.3 ሆኖ ይጀምራል፣ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ነገር የለውም፤ ያለ ጠንካራ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ምንም ማንሳት አይቻልም። ጨረቃን ለማንሳት ትዕግሥት ላለው ሰው መጫወቻ ሊሆን ይችላል፤ ለወፍ አይሆንም።

እኔ የገዛሁት ያገለገለ 55-250 ኤስቲኤም ነው፤ ያገለገለ ሌንስ ስለ መፈተሽ በዝርዝር መናገር እወዳለሁ። የራስዎን ካሜራ፣ የስልክዎን መብራትና አንድ ጋዜጣ ይዘው ይሂዱ። መጀመሪያ ሌንሱን ከካሜራ አውጥተው በአንድ በኩል የስልክ መብራት እያበሩ በሌላው በኩል አግድም ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ አያሳስብም፤ ፎቶው ላይ አይታይም። የሚያሳስበው ከጠርዝ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ቀጭን ነጭ መስመር ነው፤ ይህ ፈንገስ ነው፣ ክረምቱን እርጥበት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያሳለፈ ሌንስ ያወጣዋል፣ ማስጠረጉም ከሌንሱ ዋጋ ጋር ሲተያይ አያዋጣም። ቀጥሎ ከኋላ ያሉት የወርቅ ቀለም ነጥቦች ንጹሕ መሆናቸውን አይተው በካሜራዎ ላይ ይግጠሙት። ጋዜጣውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ጥቂት ሜትር ራቅ ብለው በ250 ያንሱ፤ በስክሪኑ ላይ አጉልተው አራቱንም ማዕዘን ያነጻጽሩ። አንዱ ማዕዘን ብቻ ከሌሎቹ እጅግ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ከዚያ በጎኑ ያለውን የአይኤስ ማብሪያ አብርተው የሹተሩን ቁልፍ በግማሽ ይጫኑ፤ በመመልከቻው ውስጥ ምስሉ ሲረጋ በዓይን ይታያል፣ ጆሮ ቀረብ ካደረጉም ለስላሳ ድምፅ ይሰማል። በ1/60 አብርተውና አጥፍተው ጥቂት ጥቂት ፎቶ ካነሱ ልዩነቱ ግልጽ መሆን አለበት። ኤስቲኤም ሌንስ ላይ ካሜራው ጠፍቶ ሳለ የፎከሱን ቀለበት ቢያዞሩ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ቀለበቱ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ጥሩ ሌንስ ትቶ የሄደ ሰው አይቻለሁ።

ሌንሱ ከተገዛ በኋላ የሚያስፈልገው ወጪ ትንሽ ነው። የፊልተሩ ስፋት 58 ሚሊሜትር ሲሆን ከኪት ሌንሱ ጋር አንድ ስለሆነ አንዱን ፊልተር በሁለቱም ላይ መጠቀም ይቻላል። ኢቲ-63 የሚባለው የፀሐይ መከላከያ ኮፍያ ከሌንሱ ጋር አይመጣም፤ ተመሳስሎ የተሠራው ርካሹ ይበቃል፣ ከጎን የሚመጣን ፀሐይ ከመከላከሉም ሌላ ሌንሱ ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ የሚመታው እሱ ነው። በክረምት ሌንሱን የማስቀምጠው ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጨምሬ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ነገ መስታወት አልባ (ሚረርለስ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት) ካሜራ ብገዛ ይህ ሌንስ ገንዘቡ አይባክንም ወይ የሚል ነው። በካኖን በኩል አይባክንም። እንደ አር50 ያሉ አዳዲስ ካሜራዎች በማገናኛ ቀለበት አማካይነት 55-250ን ይቀበላሉ፤ ቀለበቱ በውስጡ የሌንስ ብርጭቆ ስለሌለው የፎቶውን ጥራት አይነካም፣ ፎከሱም አይኤሱም እንደ ቀድሞው ይሠራሉ። ለእነዚህ ካሜራዎች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ 55-210 የሚባል ሌንስም አለ፤ 270 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ለመያዝ ምቹ ነው፣ ነገር ግን ሲረዝም ቀዳዳው እስከ ኤፍ/7.1 ይጠባል። ጉሬዛ ጥላ ውስጥ ለሚያነሳ ሰው ከኤፍ/5.6 ወደ ኤፍ/7.1 መውረድ የሚታይ ልዩነት ስላለው፣ እኔ ካሜራ ብለውጥ እንኳ የምጨምረው ቀለበቱን ነው፤ ሌንሱን አልለውጥም።